ውሻ ያዙልኝ

ያንን የስልክ መብራት አጥፊው ልጄ። አዎ፣ አንቺን ነው። ባትሪሽን ለነገ ቁልቁለት አስቀምጪው፤ የኔን ወሬ ለመስማት ፊቴን ማየት አያስፈልግሽም። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዳሱ ለሁላችን ይበቃል። ጀርባውን ወደ በሩ የሰጠ ሰው ግን ይዙር። ለምን ትላላችሁ? ትደርሱበታላችሁ።

ቅድም ዳገቱ ላይ ያን ውሻ በድንጋይ የፈነከተው ማነው? አንተ ነህ? አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። ኪስህ ውስጥ አሁንም ድንጋይ አለ፤ ስትቀመጥ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። አውጣው። ወደ ገዳም ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ተሳላሚ ዘንድሮ ገና አየሁ!

«እማሆይ፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልነከስ?» ትለኛለህ። አትነከስ። ግን መላው ሌላ ነው። ውሻ ሲመጣብህ አትሩጥ። ዓይን ዓይኑን አትይ። ቁጢጥ በልና መሬቱን በእጅህ ዳስስ፤ ድንጋይ ያነሳህ መስሎት ይሸሻል። ካልሸሸ ዱላህን ዝቅ አድርገህ ከፊትህ አቁመው፣ ይናከስ ከዱላው ጋር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ አጥሩ ጋ ሳትደርስ፣ ከሩቅ ቆመህ ምን ትላለህ?

በሉ እንጂ! ምን ይባላል?

«ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!»

ጎሽ። በዚህ መንገድ ላይ ከጸሎት ቀጥሎ የሚያድናችሁ ቃል ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ያለውም ሰው ይህን ሲሰማ ይነሳል። እየበላ ቢሆን ይነሳል፤ ታሞ ቢሆን እያቃሰተ ይነሳል፤ ከሚስቱ ጋር እየተጣላ ቢሆን ጠቡን አቆይቶ ይነሳል። ወጥቶ ውሻውን አንገቱን ይይዝና «ይዤዋለሁ፣ ግባ!» ይላል። ይህን ማንም አልጻፈው፣ ማንም አላወጀው። ግን ከዚህ እስከ ቆላው ድረስ፣ ያልተነሳ ሰው ሰው አይባልም።

የዛሬው ወሬዬ ስላልተነሳ አንድ ሰው ነው።

ዱሮ ነው። የመኪና መንገዱ ሳይወጣ፣ ተሳላሚ ሁሉ በእግሩ ስድስት ቀን፣ ስምንት ቀን በሚሄድበት ጊዜ። መንደሩን አልጠራውም፤ የሰውየው ዘመዶች አሉ፣ ዛሬም ሰው ናቸው። ሰውየው ጓንጉል ይባላል። ቤቱ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው፣ የተሳላሚው መንገድ አጥሩን ታክኮ በሚያልፍበት ቦታ። ከእሱ ቤት ወዲያ የግማሽ ቀን መንገድ እስኪኬድ ድረስ ቤት የለም፣ ጭስ የለም፣ ምንም የለም። የመሸበት ተሳላሚ ወይ ጓንጉል ቤት ያድራል፣ ወይ ከጅብ ጋር ያድራል። ገባችሁ? ምርጫው ይኸው ነው።

ጓንጉል ክፉ ሰው ነበር? ስታዩት አይመስልም። የጎረቤት ቤት ሲሠራ ማገር ይሸከማል፤ ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፍራል። ተሳላሚ ግን አይወድም። ለምን? በባቄላው። ተሳላሚ የሚያልፈው በጥቅምት ነው፣ ባቄላው እሸት ሲሆን። አንዱ እፍኝ ይነጫል፣ ሌላው እፍኝ ይነጫል፤ ሁለት መቶ ሰው ሲያልፍ ማሳው ምን ይሆናል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያናድዳል። ጓንጉልም ይናደዳል። ንዴቱን እየዋጠ፣ እየዋጠ፣ ዓመት ከዓመት ያጠራቅመዋል።

ውሻ ነበረው። ዳኛው ይባላል። ትልቅ፣ ዳማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ። ቀን ይታሰራል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይፈታል። ዳኛው የሚታዘዝ ውሻ ነው። «ተኛ» ሲሉት ይተኛል። «ተው» ሲሉት ይተዋል። አንዲት ሌላ ቃልም ያውቃል።

ሚስትም ነበረችው። አንጓች ትባላለች። ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ልጅ የላቸውም፣ ሎሌ የላቸውም፣ ገረድ የላቸውም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ይህን ነገር ልብ ብላችሁ ያዙልኝ። ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

እንግዲህ አንድ ቀን ጓንጉል ማሳውን አይቶ መጣ። ጀምበር ልትጠልቅ ነው። የባቄላው ዳር ዳሩ ተነጭቷል፣ መሃሉ ተረግጧል። እየተሳደበ ገባ። እራት ቀረበለት፤ ገፋ አደረገው። ዳኛውን ፈቶታል። ያኔ ከውጭ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ! ውሻ ያዙልኝ!»

የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የደከመ። ወጉን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ከሩቅ ቆመው ነው የተጣሩት። አንጓች ብድግ አለች። ጓንጉል የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ጎተታት።

«ቁጭ በይ።»

«ሰው እኮ ነው። ውሻው ተፈቷል።»

«ቁጭ በይ ብያለሁ።»

ቁጭ አለች። እንደገና ተጣሩ። «ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙልኝ!»

ጓንጉል ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። አንገቱን ብቻ ወደ በሩ አዞረ። አፉን ከፈተና፦

«ያዘው!»

ምን ትዘላላችሁ? ቃል እኮ ናት! ተረጋጉ። አንቺ ልጅ፣ እጄን ልቀቂኝ፣ ጣቴን ልትሰብሪው ነው።

ውጭ የቆሙት ሽማግሌ የስለት ጥላ ይዘው ነበር። ለታቦቱ የተሳሉት፣ ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ፤ አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ጠቅልለው ከአገራቸው ያመጡት። ውሻ ሲመጣ ቁጢጥ ማለትን ያውቃሉ፤ ዱላም ነበራቸው። ዳኛው ሲደርስባቸው ግን ምን አደረጉ? ዱላውን ጣሉ። ጥላው እንዳይቀደድ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሱት። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው ውሻን በምን ይከላከለዋል? በሉ ንገሩኝ፣ በምን?

ጩኸታቸውን ስትሰማ አንጓች ከጓንጉል እጅ አመለጠች። ወጥታ ዳኛውን አንገቱን አንቃ አላቀቀችው። ዘግይታለች። ጭናቸው ተቦጭቋል። ጥላው ግን ጫፉ እንኳ አልተነካም።

መምሬ ክንዴ የሚባሉ የመንደሩ ቄስ ቤታቸው ወስደው አስታመሟቸው። ቁስሉ ከፋ። በአራተኛው ቀን አረፉ። ስማቸውን ቢጠይቋቸው አልተናገሩም፤ ሁለት ነገር ብቻ ተናገሩ። «ጥላዬን ያ ሰውዬ ራሱ ያድርስልኝ» አሉ። «ያላትንም ቃል፣ እንዳላት ይናገራት» አሉ። በዚያው ዓይናቸውን ከደኑ። ስማቸው ስላልታወቀ ሰው ሁሉ ባለጥላው ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ነው የምላቸው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የጓንጉልን ጩኸት ከመንደሩ የሰሙ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ከሩቅ ስለሆነ አንድ ነገር «ያዝ» ሲል እንጂ ቃሉን አጥርቶ የሰማ የለም። «ጓንጉል፣ ምን ብለህ ነው የጮህከው?» አሉት።

«ለሚስቴ ነው» አለ። «'ያዢው' አልኳት። ውሻውን ያዢው አልኳት። እሷ ዘገየች።»

አያችሁ ብልጠቱን? አንዲት ፊደል! «ያዢው» ካለ ለሚስቱ ነው፣ ውሻውን እንድትይዘው። «ያዘው» ካለስ? ለማን ነው? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ምን ነበር? ቤት ውስጥ ሌላ ወንድ ነበረ? አልነበረም። «ያዘው» የሚባል ወንድ ውጭ ነው የነበረው፣ በአራት እግሩ የቆመ።

ሽማግሌዎቹ ወደ አንጓች ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነበር ያለው?»

እስቲ ውሃ አቀብሉኝ። እዚች ጋ ስደርስ ሁሌም እጠጣለሁ።

አንጓች ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። እውነቱን ብትናገር ባሏ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ቤቷ ይፈርሳል፤ አባቷ ቤት ምን ብላ ትመለሳለች? «ያዢው ነው ያለኝ» አለች። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

በቃ፣ ፍርዱ አለቀ። ሳይታሰብ የደረሰ ነገር ነው ተባለ። ጓንጉል ጥላውን ለከርሞው ንግሥ ወደ ገዳሙ ያድርስ ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ አንጓች እያየ ከንፈሩን መጠጠ፤ በእሷ መዘግየት ሰው የሞተ መሰላቸዋ!

ያን ቀን ጓንጉል ማዘኑን ለማሳየት ምን አደረገ? ዳኛውን አሰረና ገደሉ አፋፍ ወሰደው። «ተኛ» አለው። ተኛ። በዱላ ጨረሰው። ጭራውን እየቆላ ነበር። ምን አጠፋ ያ ውሻ? የተባለውን አደረገ። መጀመሪያም የተባለውን፣ መጨረሻም የተባለውን።

ጥላው ዓመቱን ሙሉ እንደተጠቀለለ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። አንጓች እያየችው ትተኛለች፣ እያየችው ትነሳለች። ጓንጉል ዞር ብሎም አያየው።

ጥቅምት ደረሰ። ጥላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ፤ ሚስቱንም አስከተላት። ከሠላሳ የሚበልጡ ተሳላሚዎች አብረዋቸው አሉ፤ እየዘመሩ፣ እየተጫወቱ ይሄዳሉ። ደስ ይላል መቼም፣ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው መንደር ሲደርሱ ውሾች መጡ። አምስት ናቸው፣ ስድስት ናቸው። ሠላሳውን ሰው ትተው ማን ላይ ሄዱ?

ጓንጉል ላይ።

ቁጢጥ አለ። አልሸሹም። ድንጋይ ወረወረ፤ ድንጋዩ የአንዱን ግንባር መታው፤ ውሻው ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። የሰፈሩ ሰው ተሯሩጦ ያዘለት። ሁለተኛው መንደርም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሌላው ተሳላሚ በውሾቹ መሃል ሰተት ብሎ ያልፋል፤ አንዱ እንዲያውም አንገታቸውን እያከከላቸው አለፈ። ጓንጉል ሲመጣ ግን ጠጉራቸው ይቆማል። ደግሞ ልብ ላለው ሰው፣ የሚያዩት እሱን አልነበረም። ከተረከዙ ኋላ ኋላ ነው የሚያዩት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቤት ለማደር ተጣራ። «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» አንዲት አሮጊት ወጡና ውሻቸውን ያዙ።

«ይዤዋለሁ፣ ግቡ» አሉ። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «እናንተም የራሳችሁን ያዙት እንጂ!»

«እኛ ውሻ የለንም» አለ ጓንጉል።

«የለንም ይላል እንዴ! ታዲያ ይሄ ከኋላህ ያለው፣ ጆሮ ቆራጣው፣ የማነው?»

ጓንጉል ዞረ። ማንም የለም። አንጓችም ዞረች። ማንም የለም። አሮጊቷ ግን እሱ ያላየውን እያዩ አማተቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ወሬው በተሳላሚው መሃል ዞረ። በማግስቱ ከእነሱ ጋር የሚሄድ ሰው ጠፋ። ሰው ከፊት ይቸኩላል፣ ወይ ከኋላ ይዘገያል፤ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን መሃል ቀሩ።

በአራተኛው ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ ነገር መንኳኳት ጀመረ። ዱላ ነው። ቋ... ቋ... ቋ... ከኋላቸው፣ የደከመ ሰው እንደሚሄደው። ሲቆሙ ይቆማል። ሲሄዱ ይሄዳል። ጓንጉል አልዞረም። አንጓችም አልዞረችም፤ እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር? ከዱላው ጎን ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ የውሻ ትንፋሽ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። «ምን ነበር ያልከው?»

ጓንጉል እየሄደ መለሰ። «ያዢው ነው ያልኩት!»

ዱላው ዝም አለ።

«አንተ፣ ማን ነው የሚያወራህ?» አለች አንጓች፣ ያልሰማች መስላ።

«ማንም። ነፋስ ነው። ፍጠኚ።»

በአምስተኛው ቀን ወንዝ ነበር የሚሻገሩት። ነገ ከነገ ወዲያ ስትመለሱ በሌላው በኩል ታዩታላችሁ፣ ትልልቅ ድንጋይ ያለበት። ጓንጉል ከፊት፣ አንጓች ከኋላ ሆነው ገቡ። መሃል ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ቦታ አለ። አንጓች ወደ ታች ስታይ የራሷ ፊት አለ፤ የባሏ ጀርባ አለ። ከእሷ አጠገብ ደግሞ ቀይ ጥላ አለ፣ የተዘረጋ። ቀና ብላ የባሏን ትከሻ አየች። ጥላው እንደተጠቀለለ ነው።

«ምን ነበር ያልከው?» አለ ድምፁ።

«ያዢው!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል። ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

አንጓች ያን ጊዜ አልቻለችም። «ንገራቸው ጓንጉል» አለች። «አንዲት ቃል ናት። ሌላ ሰው የለም፣ እኔና አንተ ነን። ንገራቸውና እንረፍ።»

ዞረባት። «ያልኩትን ነው የምናገረው! አንቺስ ያልሽውን ረሳሽው? እኔ ከወደቅሁ አንቺም የሐሰት ምስክር ነሽ። ውሻውን ያልያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ሰውዬውን የገደልሽው አንቺ ነሽ!» አለና በዱላው ደረቷን ገፋት።

ወደቀች። እግሯ ድንጋይ መሃል ገብቶ ተጣመመ። ውሃው አፏ ገባ። ጓንጉል? እሱማ ጥላውን ከፍ አድርጎ ተሻገረ። ዞር ብሎም አላየ።

አንድ ዱላ ግን ከላይ ተዘረጋላት። ያዘችው። ጎትቶ አወጣት። ዳር ላይ ቆማ ውሃውን ከዓይኗ ስትጠርግ ማንም የለም። እዚያች ወንዝ ዳር፣ ልብሷ እየተንጠባጠበ፣ አንጓች ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠ። እስከዚያች ቀን ፈርታ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ጠላችው። ባሏን እስከ አጥንቷ ድረስ ጠላችው።

«እማሆይ፣ ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ?» አልክ? አትቸኩል። ድንጋይ ወርዋሪ ሁሉ ቸኳይ ነው።

ስድስተኛው ቀን ነው። የገዳሙ ደወል ይሰማል፤ አንዲት ሜዳ ብቻ ነው የቀረቻቸው። ነገ ጠዋት ታልፉባታላችሁ፣ እዚህች ዳገት አናት ላይ። ራሰ በራ ሜዳ ናት፤ ቤት ይቅርና ቁጥቋጦ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ጓንጉል ይሮጣል ማለት ይቻላል። አንጓች በአንድ እግሯ እያነከሰች ትንሽ ኋላ ቀርታለች።

ሜዳዋ ላይ ቤት ቆሟል።

አጥር አለው። አጥሩ በአንድ በኩል ተሰብሯል፣ በገመድ ታስሯል። አንጓች ገመዱን አወቀችው። ራሷ ናት ያሰረችው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ብርሃን አለ። የራሷ ቤት ነው! የስድስት ቀን መንገድ ኋላ ትታው የመጣችው ቤት!

ከጓንጉል ኋላ የነበረው ማለክለክ አሁን ከፊቱ መጣ። ዳኛው ከአጥሩ ጥግ ብቅ አለ። ዳማ፣ ትልቅ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ። ጭንቅላቱ በዱላ የተመታበት ቦታ እንደሰረጎደ ነው። እያጉረመረመ ቀስ ብሎ መጣ። ጓንጉል ጥላውን ከትከሻው ጣለ። ቁጢጥ አለ፤ መሬቱን ዳሰሰ፤ አንድ ጠጠር አላገኘም። ተነሳና ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ፦

«ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!»

ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብድግ ስትል በበሩ ታየች። አንድ እጅ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«ቁጭ በይ» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ። የማን ድምፅ ነው?

የጓንጉል! የራሱ!

ጓንጉል የራሱን ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም አወቀ፤ ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ! ያን ጊዜ ነው ሚስት እንዳለው ትዝ ያለው። ዞረ። «አንጓች!» አለ። «ያዢው! ኧረ ያዢው! አንጓች፣ ያዢው!»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን በእውነት አላት።

ልትይዘው ትችል ነበር? ትችል ነበር። ዳኛው የሚበላው ከእጇ ነበር፤ አንድ ጊዜ በስሙ ብትጠራው ጭራውን እየቆላ ይመጣላት ነበር። አፏን ከፈተች። ያኔ አጠገቧ ዱላ ቋ አለ።

ባለጥላው ቆመዋል። ጥላው በላያቸው ተዘርግቷል፣ ዘርፉ ያብለጨልጫል፤ ከጭናቸው ሥጋው ተንጠልጥሏል። ፊታቸው ላይ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም። ጓንጉልን አላዩትም። እሷን ነው ያዩት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ልክ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት። «ምን ነበር ያለው?»

እውነቱን ጠየቋት። እውነቱን መለሰች። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ሙሉ የታፈነው ሁሉ በአንዴ ወጣ፦

«ያዘው! ያዘው! ያዘው ነው ያለው!»

ዳኛው ምን ያውቃል? ምስክርነት ይሁን ትዕዛዝ ውሻ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቃትን ቃል ሰማ።

ጠዋት መነኮሳቱ ጓንጉልን ሜዳው ላይ አገኙት። ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ የውሻ ዱካ የለም። ገላው ላይ አንድ ጭረት የለም። ሁለት እጁ ግን ወደ ላይ ተዘርግቶ ደርቆ ነበር፤ ማጠፍ አቅቷቸው እንደዚያው ቀበሩት። አንጓች ጥላውን ከመሬት አነሳች፣ አቧራውን አራገፈች፣ አንድ እግሯን እየጎተተች ወስዳ ለታቦቱ ሰጠች። ከዚያም አልተመለሰችም። እዚያው መነኮሰች።

አሁን ጠይቀኝ፣ አንተ ባለ ድንጋይ። እንዴት አወቁ አይደል ያልከኝ? ቅድም ዳገቱን ስወጣ ለምን እንደማነክስ ጠይቀኸኝም ነበር። ሳልመነኩስ በፊት ስሜ አንጓች ነበር።

ምነው እግሬን እግሬን ታያላችሁ? ስድሳ ዓመት ሆነው። በየዓመቱ ተሳላሚ ልቀበል ከገዳሙ እስከዚህ ዳስ እወርዳለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ለባለጥላው አለቅሳለሁ። ለዳኛው አለቅሳለሁ፣ ለውሻ ታለቅሳለች ብላችሁ ሳቁብኝ። ለጓንጉል ግን ስድሳ ዓመት ሞክሬ እንባ አልመጣልኝም። ንስሐ አባቴ «ልጄ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይፈትንሻል» ብለውኝ ሞቱ።

እና ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ነገ ሜዳዋን ስታልፉ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ሰው «ውሻ ያዙልኝ» ሲላችሁ ደግሞ...

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

የሰፈሩ ውሾች ሲጮሁ አልነበር? ለምን ዝም አሉ?

ሰማችሁ? ከአጥሩ ወዲያ ነው። «ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!» ይላል። የሽማግሌ ድምፅ አይደለም። የጎልማሳ ነው። እኔ አውቀዋለሁ ያን ድምፅ፣ አንድ ቤት አብሬው ኖሬያለሁ። በየዓመቱ በዚች ቀን፣ እዚችው ደጃፍ ላይ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ይጣራል። አንድ ጊዜ ውሻውን ይዞ «ግባ» የሚለው ሰው ቢያገኝ ያርፋል ይላሉ።

ወዴት ነው የምትነሺው አንቺ ልጅ? ምን አልሽ? «ሰው እኮ ነው» አልሽ?

ቁጭ በይ።

ቁጭ በይ ብያለሁ።